የዘይነባ ፍላሽ

አክስቴ ዘይነባ ዕድሜዋን የፈጀችው ካዛንቺስ በነበረ አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ፣ በጸሐፊነት ነው። ሰፈሩ ፈርሶ ቢሮው ወደ ቡልጋሪያ ማዞሪያ ሲዛወር እሷን ግን አላስከተሏትም። «ያለ ፈቃድ ለደንበኛ የውል ማፍረሻ ኢሜይል ልከሻል» ብለው አባረሯት። ያዘዛት ሥራ አስኪያጁ ጦይብ ነበር፤ አቶ ልለው አፌ እምቢ ይለኛል። የድርጅቱ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ሲጠይቀው ዓይኑን በጨው አጥቦ «እኔ አላዘዝኩም» አለ።

ይግባኝ ለማለት የቀራት ተስፋ አንድ ነበር። ቢሮው ዕቃ ሲያስጭን ኢሜይሎቹን በፍላሽ ገልብጣ ይዛለች። «ጦይብ ራሱ ‹ይላክ› ብሎ የጻፈልኝ እዚህ ውስጥ አለ፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ» ትላለች። ፍላሿን በሻርፗ ጫፍ ቋጥራ የወሎ ሰፈርን ኮምፒውተር ቤቶች አዳረሰች። ሁሉም ፋይሉ የሚከፈተው በሚገዛ ፕሮግራም ብቻ ነው እያሉ መለሷት። ሰው የገዛ እጁ የጻፈውን ለማንበብ ፈቃድ ይግዛ? እንዲህ ያለ ዓይን ያወጣ ነገር አይቼ አላውቅም።

በመጨረሻ እኔ ዘንድ መጣች። እኔ የምሠራው ኢማክስ በሚባል ነፃ የጽሑፍ ፕሮግራም ነው፤ ውበት የለውም እንጂ የማይከፍተው ነገር ጥቂት ነው። መጀመሪያ የወጣው የተዝረከረከ ምልክት ነበር። አንድ የፋይል መለወጫ ፈልጌ ስጨምርበት ጽሑፉ ብቅ አለ፦ «ይላክ። ጦይብ»።

«አልሐምዱሊላህ!» ብላ ትከሻዬን ጨመቀችኝ።

ችግሩ፣ ይሄ ፕሮግራም ሌሎቹ የሚደብቁትንም ይዘረግፋል። ከመልእክቱ በላይ የላኪው ኮምፒውተር ስም ተጽፏል። «የዘይነባ ኮምፒውተር» ይላል።

«አክስቴ፣ ይሄ እኮ ካንቺ ኮምፒውተር ነው የተላከው።»

ፊቷ ጠቆረ። ያኔ ትዝ አላት። ጦይብ ኪቦርድ ነክቶ አያውቅም፤ የይለፍ ቃሉም እሷ ዘንድ ነበር። የመኪና ቁልፉን እያሽከረከረ በር ላይ ይቆምና «ዘይነባ፣ ይላክ ብለሽ መልሺልኝ» ይላታል። እሷም በሱ ስም ገብታ ለራሷ ትጽፋለች፤ የጽሑፍ ትእዛዝ በመዝገብ እንዲኖር። ይሄን ስንት ዓመት ስለሠራችው እሱ የጻፈው መስሏት ቀርቷል።

ደሜ ፈላ። «በቃ ይቺን መስመር ላጥፋት። ጽሑፍ እኮ ናት፣ ማን ያውቃል?»

«እንዳትነካት!» አለች። «ያኔ እነሱ ያሉኝን ሆንኩ ማለት ነው። ቀጥሎ ያለውን ክፈትልኝ።»

ከፈትኩላት። በራሷ ስም፣ ከዚያው ኮምፒውተር የተላከ መልስ ነው። ጣቷን እስክሪኑ ላይ አስጠግታ አነበበችው፦

«እሺ ጌታዬ፣ አሁኑኑ እልካለሁ።»

«አየህ» አለች፣ «ለራሴ ነው እሺ ጌታዬ ስል የኖርኩት።»

ሻርፗን አስተካክላ ወጣች። ፍላሹ እኔው ጋ ቀረ፤ ይግባኙንም አላስገባችም።