መልእክቱ ያልደረሰው ስልክ

ኢየሩሳሌም ምን እንደምትሠራ የግቢያችን ሰው በቅጡ ገብቶት አያውቅም። እኔ ሐመልማል፣ ግድግዳ ተጋሪዋ ሆኜ እንኳ፣ ለመረዳት ወራት ፈጅቶብኛል። ሶዶ መናኸሪያው ጀርባ ባለ ትንሽ ድርጅት ውስጥ መመሪያ ትጽፋለች። መመሪያውን የሚያነበው ግን ሰው አይደለም፤ የታዘዘውን በራሱ የሚፈጽም ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። ድርጅቱ ለእድሮች የስልክ ፕሮግራም ይሠራል። ማሽኑም በፕሮግራሙ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን መሣሪያ፣ ለምሳሌ መልእክት መላኪያውን፣ ከመንካቱ በፊት እሷ የጻፈችውን ያነባል፤ ምን ይሠራል፣ መቼ ይነካል፣ መቼ አይነካም። ስትቀጠር «ምንም እንደማያውቅ እንግዳ ቁጠሪውና ጻፊለት» ብለዋታል።

የእኛም እድር ፕሮግራሙን ወሰደ። ሰው ሲሞት ጸሐፊያችን ጋሽ ኤርካሎ ለማሽኑ ይነግሩታል፣ ማሽኑ ለአባላት መልእክት ይልካል። ጥሩምባ ነፊው ከድካም ዐረፈ ብለን ደስ አለን። ደስታችን የባጃጅ ነጂው የፋኑኤል እናት ዲምቱ ከተማ እስኪሞቱ ድረስ ነበር። ኢየሩሳሌም መመሪያው ላይ «የሞት ዜና ለሁሉም አባላት ይልካል» ብላ ነበር የጻፈችው። ፋኑኤልም አባል ነው። ባጃጁ ላይ ሰው ጭኖ ሳለ የእናቱን ሞት ከስልኩ አነበበ።

መርዶ ማለዳ፣ በሽማግሌ፣ ቤት ድረስ ተሄዶ እንደሚነገር የማያውቅ ሰው አለ? ሁላችንም ስለምናውቀው ይጻፍ ያለ ማንም አልነበረም። እኔ በማሽኑ ተናደድኩ፤ መናደድ ይቀናኛል። እሷ አልተናደደችም፣ አላለቀሰችም፤ ቁጭ ብላ እንደገና ጻፈችው። አንብባልኛለች፦ «የሟች ወላጅ፣ ልጅ፣ የትዳር ጓደኛ፣ ወንድም ወይም እህት አባል ከሆኑ ለእነሱ አትላክ። መርዶውን ሽማግሌዎች በማግስቱ ማለዳ በአፋቸው ይነግሯቸዋል። ስለ ዝምድናው እርግጠኛ ካልሆንክ ከመላክህ በፊት ጸሐፊውን ጠይቅ።»

ያን ሰሞን የገዛ አባቷ ታመው ነበር። ወንድሟ ማቲ ከትውልድ ቀያቸው ከሁምቦ አዲስ አበባ ወስዶ ሆስፒታል አስተኝቷቸዋል። በየቀኑ ትደውላለች፣ ማቲም «ደህና ነው» ይላታል። እሷ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በሕይወት ሳሉ ደርሳ ማየት።

«ሂጂና እያቸው እንጂ» ስላት፣ «ቅዳሜ ሥራዬን ላስረክብና እሁድ እሄዳለሁ» አለችኝ። ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም።

«አታለቅሺም እንዴ?» አልኳት። አፌ አያርፍም።

«ደንዝዣለሁ ሐሙ። ሳገኘው አለቅሳለሁ።»

ቅዳሜ ከሰዓት ሥራዋን አስረክባ መጣች። ከተከራዮቹ ከሚርያምና ከፈጠነች ጋር ደጅ ቁጭ ብለን ቦይና የሚባለውን ሥራሥር እየላጥን ነበር። ቢላ አንሥታ ተቀላቀለችን። ጥቂት እንደቆየን ስልኬ ጢን አለ። የሚርያም ቀጠለ፣ ከዚያ የፈጠነች። ሁላችንም የአንድ እድር አባላት ነን።

ኢየሩሳሌም ስልኳን አነሣች። ኔትወርክ እንዳለው አየች። ትንሽ ጠበቀች። መልሳ አስቀመጠችውና መላጧን ቀጠለች።

እኔ መልእክቱን አንብቤዋለሁ፤ የአባቷ ስም ነበር። ማቲ ለጋሽ ኤርካሎ ደውሎ ነግሯቸው ኖሯል። ሚርያም «ወጤ አረረ» ብላ ተነሣች፤ እሳት እንኳ አላነደደችም። እኔም ከእሷ አልተሻልኩም፤ ዘንድሮ ዝናቡ ቀረ እያልኩ ለፈለፍኩ። በራሴ አፈርኩ። ግን እኔ ማን ነኝና መርዶ ላርዳ?

ሳይመሽ እራት አቀረብንላት። መርዶ የሚጠብቀውን ሰው አስቀድሞ ማብላት ልማዳችን ነው፤ ከሰማ በኋላ እህል አይወርድለትም። ያን ሰሞን ምግብ የማይዋጥላት ልጅ የሰጠናትን ሁሉ ጨርሳ በላች። እንዳወቀች ያኔ ገባኝ።

«ተኚ፣ ነገ መንገድ አለብሽ» አልኳት።

«እሺ» አለች።

ሊነጋጋ ሲል ጋሽ ኤርካሎ ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። እኔም ነጠላዬን ደርቤ ተከተልኩ። በሯ ክፍት ነው። ጫማዋን አድርጋ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ጋሽ ኤርካሎ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ስለ ሰው ልጅ ዕድሜ አንድ ነገር ጀመሩ፤ መጨረስ አቃታቸው።

«ጋሼ፣ ይንገሩኝ» አለች። «ትናንት የሁሉም ስልክ ጮኾ የእኔ ዝም ሲል ዐውቄያለሁ። በሰው አፍ ካልሰማሁት ግን ማልቀስ አልቻልኩም።»

ሽማግሌው አጠገቧ ተቀመጡና እጇን ያዙ። «ልጄ፣ አባትሽ ትናንት አርፏል» አሏት።

«ታ አዋው!» ብላ ጮኸች። አባቴ ማለቷ ነው። ለቀብሩ ሁምቦ የሚወስዳት መኪና እስኪመጣ ድረስ ከአፏ ሌላ ቃል አልወጣም።