ልጄ አፏን የከፈተችበት ዜማ

ሶስናዬ ዛሬ ገንፎ ዋጠች።

ሰባት ወሯ ነው፤ ማንኪያ ስታይ አፏን ግጥም ታደርጋለች። (የእሷን ገንፎ እየጨረስኩ የወፈርኩት እኔ ነኝ።)

እዚህ ዓለም ገና ከተማ ይህን ቤት ከተከራየን ሁለት ወራችን ነው። ዛሬ ቀትር ላይ እያባበልኳት ሳላስበው አንድ ዜማ አንጎራጎርኩ። ወዲያው አፏን ከፈተች።

አከራያችን አዴ ጫልቱ በሩ ላይ ቀጥ አሉ።

«ያ ዋቅ፣ አምላኬ! ይሄን ዜማ ማን አስተማረሽ?»

«እኔ እንጃ፣ ዝም ብሎ መጣልኝ።»

«ሟች ልጄ ናት ያወጣችው። እዚሁ ክፍል ልጇን ስታበላ ታዜመው ነበር። ሌላ ሰው አያውቀውም።»

ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። ማንኪያውን ላስቀምጥ ስል እጄን ያዙኝ፤ እንባቸው ይወርዳል።

«አታቋርጪ፣ ትብላ።»

ሳህኑ ባዶ እስኪሆን አንጎራጎርኩ።

እናንተስ፣ እንዲህ ያለ ነገር ቤታችሁ ገጥሟችሁ ያውቃል?