የሎሚው «እከክ» እግር አለው

ዛሬ ጠዋት እዚህ ሰሊጥ አገር ኮኪት ላይ አከራዬን እትዬ ዘውዴን መጥረቢያ ይዘው የግቢያችን ሎሚ ሥር ቆመው አገኘኋቸው።

«እከክ ይዞታል። ማንጎው ላይ ሳይጋባ ልቁረጠው» አሉኝ።

ቅርንጫፉን ሳየው ቡናማ፣ ክብ ክብ፣ በእርግጥም እከክ የመሰለ ነገር ለብሷል።

«እትዬ፣ ይሄ እከክ አይደለም። ስኬል የሚባል ነፍሳት ነው።»

«ኧረ ወዲያ! እግር የሌለው ምን ነፍሳት አለ?»

ለባዮሎጂ አስተማሪ እንዲህ አይባልም! (ክርክር እንደማልሸሽ ደግሞ ታውቃላችሁ።) አጉሊ መነጽሬን አመጣሁና አዲስ የተፈለፈለችውን ፈልጌ አሳየኋቸው። ቢጫ ናት፣ ከአሸዋ ቅንጣት ታንሳለች። ግን ስድስት እግርና ሁለት አንቴና አላት፣ ከጭንቅላቷ ሥር ደግሞ ክር የመሰለ መምጠጫ። ነፍሳት መሆኗን የሚመሰክርላት ይሄ የልጅነት አካሏ ነው።

እትዬ አይናቸውን ከመነጽሩ ሳይነቅሉ «ታዲያ የትልቋን እግር ምን በላው?» አሉ።

«ልጅ ሳለች እየዞረች የሚመቻትን ቦታ ትፈልጋለች። ስታገኝ መምጠጫዋን ትተክላለች፤ ቆዳዋን ስትቀይር እግሯንም አብራ ትጥለዋለች። ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ የለም፤ ቅርፊቷን ለብሳ እዚያው ትኖራለች።»

መጥረቢያውን አስቀምጠው ከት ብለው ሳቁ።

«እንግዲያ እኔው ነኛ! ለአንድ ክረምት የሰሊጥ አረም ብዬ ከወሎ መጣሁ፤ ይኸው ወልጄ ከብጄ፣ መመለሻ እግር አጣሁ።»

ዘመዴ ናት ብለው ግን አልማሯትም፤ ሎሚውን በሳሙና ውኃ ፈገፈጉት።

እናንተስ? ለአንድ ክረምት ብላችሁ ሄዳችሁ እግራችሁን የጣላችሁት የት ነው?