የእሁድ ጀልባ

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ይህን ያስታወሰኝ ባለፈው ሰሞን አሶሳ፣ የእህቴ ልጅ ሻይ ቤት ተቀምጬ ያየሁት ቴሌቪዥን ነው። አንድ ጎረምሳ በአንዲት ጣውላ ላይ ቆሞ፣ ከፊቱ በሚበር ጀልባ እየተጎተተ፣ ውኃውን እንደ ማረሻ እየሰነጠቀ ግራና ቀኝ ይጋደማል። ሻይ ቤቱ በፉጨትና በሳቅ ተሞላ። «እማማ ሀዋ፣ እንዲህ ያለ ጉድ አይተው ያውቃሉ?» አለኝ አንዱ ባለ ባጃጅ። አዎ ብል ማን ያምነኛል? ደግሞስ እኔ ጎረምሳውን መቼ አየሁት። ዓይኔ ከጀርባው ባለው ዳርቻ ላይ ነበር። ሣሩ ውስጥ የቆመ ሰው ይኖር እንደሆነ እፈልግ ነበር።

ያኔ ክልሉ ገና አዲስ ነው። አሶሳ ውስጥ በየበሩ ቀለሙ ያልደረቀ ታፔላ ይሰቀላል፤ ወንበር ያልደረሰው ሹም ማንጎ ጥላ ሥር ቆሞ ይፈርማል። እኛ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተን የሰፈርን ነን። ትልልቆቹ ማታ ማታ «ያኖሩን ይሆን ወይስ ውጡ ይሉን ይሆን?» እያሉ ሲንሾካሾኩ እሰማለሁ። በዚያ መሀል ታላቅ ወንድሜ ይመር የመንግሥት ሥራ አገኘ። ዳቡስ ወንዝ ላይ ጀልባ ነጂ ሆነ። እናቴ ደስታዋን የምትይዝበት አጣች። ለእሷ ደመወዙ ብቻ አልነበረም፤ ልጇ ለሥራ ከተፈለገ እኛም እዚህ አገር ተፈልገናል ማለት ነበር።

ጀልባዋ ከዳቡስ ማዶ ላሉ መንደሮች ክትባት ማድረሻ፣ በሽተኛም ማሻገሪያ ተብላ የመጣች ናት። ነጭ ነች፤ ኋላዋ ላይ ሞተር አላት። ገና ብዙ ሳትሠራ ሞተሩ ጸጥ አለ፤ የሚያስነሣውም ጠፋ። ያስነሣው ኤሪክ ነው። ኤሪክ ለድልድይ የሚሆን ቦታ ሊያጠና የመጣ ኸዋጃ ነበር፤ እዚያ አካባቢ ፈረንጅን የምንጠራው እንዲያ ነው። ሞተሩን ፈታቶ፣ አጥቦ፣ እንደገና ገጣጥሞ ሲያስነሣው ዋጋ አልጠየቀም። እሁድ እሁድ ጀልባዋን ስጡኝ ብቻ አለ። የወንዝ ዳሩ የሠራተኞች ካምፕ አስተባባሪ አቶ ደሳለኝ፣ ሳቂታ የወለጋ ሰው፣ «ሥራ ከሌለ ይጫወትባት፤ ቆማ ከምትዝግ» ብሎ ፈቀደ። እንዲህ ሆኖ ጀልባዋ በሥራ ቀን የጤና ሠራተኞች፣ እሁድ የኤሪክ ሆነች።

ለምን እንደፈለጋት ያወቅነው ከመኪናው ላይ ያንን ጣውላ ሲያወርድ ነው። ስኪ ይለዋል። ለሁለት እግር አንድ ጣውላ! ከሥሩ እንደ ዓሣ ክንፍ ያለ ስለት አለው፤ ከላዩ ሁለት የጎማ ጫማዎች ፊትና ኋላ ተጣብቀውበታል። ጫማዎቹ ከመጥበባቸው የተነሣ በሳሙና አረፋ ካላሟለጨ እግሩ አይገባም። «ለምን እንዲህ ጠበበ?» ብዬ ብጠይቀው፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው «ሰፊ ከሆነ ስኪ ያመልጣል» አለኝ። «ስወድቅ ሁለት እግር ይወጣል፣ ጥሩ። ሁለት እግር ይቀራል፣ እሺ። አንድ ወጣ፣ አንድ ቀረ…» አለና በሁለት እጁ እንጨት እንደሚሰብር ሰው አደረገ።

ቢጫ የዘይት ጀሪካኖች በድንጋይ እያሰረ ውኃው ላይ ሁለት ረድፍ አድርጎ አንሳፈፈ። ጨዋታው ከጀልባዋ የተዘረጋውን ገመድ ይዞ በጀሪካኖቹ ዙሪያ፣ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ፣ አንዱንም ሳይስቱ መታጠፍ ነው። ከተሳካለት ገመዱን ያሳጥርና እንደገና። ሰው በገዛ እጁ ነገሩን እንዲህ የሚያከብደው ለምንድን ነው እያልኩ እገረም ነበር። በታንኳ ሰው ያሻግር የነበረው የበርታ ሽማግሌ ኻሊፋ ደግሞ ታንኳው ላይ ተቀምጦ ያየውና፣ «አላህ ሁለት እግር ሰጠው፤ እሱ አንድ እንጨት ገዛ» እያለ ትከሻው እስኪነቀነቅ ይስቅ ነበር።

እኔ ካምፑ ውስጥ ምግብ አብሳይ ነበርኩ። እሁድ ሲሆን ግን ጀልባዋ ላይ ሥራ አለኝ። ነጂው ፊት ፊቱን ነው የሚያየው፤ ስለዚህ ኋላ ኋላውን የሚያይ ሌላ ሰው ያስፈልጋል። ኤሪክ አውራ ጣቱን ወደ ላይ ካደረገ ፍጠን፣ ወደ ታች ካደረገ ቀስ በል፣ እጁን አንገቱ ላይ ካሳለፈ ሞተር አጥፋ ማለት ነው። እያየሁ ለይመር እጮኽለታለሁ። ምን ልበላችሁ፣ ንፋሱ ሻሼን ሊወስድብኝ ሲታገል፣ የውኃው ፍንጣቂ ፊቴን ሲረጨኝ፣ ከዚያ በፊት እንደዚያ ደስ ያለኝ ጊዜ አላስታውስም። ሲያበቃ የኤሪክ መዳፍ ገመዱ ልጦት ይደማል። ቫዝሊን ቀብቼ በጨርቅ እጠቀልልለትና በገንፎ የባምያ ወጥ፣ ለመጠጥም የቀዘቀዘ ከርከዴ አቀርባለሁ። ማንኪያውን እንኳ በሁለት ጣቱ ነበር የሚይዘው።

አሁን የኻሊፋን ነገር ልንገራችሁ፤ ያለ እሱ የቀረው አይገባም። ኻሊፋ ይመርን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደ ልጁ ይመክረው ነበር። አንድ ቀን ዓሣ እየጠበሰ እንዲህ አለው፦

«አንተ ስማ። ማዶ ሰው ጠራ፣ አንተ መጀመሪያ መልስ። ጀልባ በኋላ ይመጣል፤ ድምፅ አሁን ይሄዳል። ዝም ካልክ፣ እሱ ‹እዚህ ሰው የለም› ይላል፣ ላይኛው መሻገሪያ ይሄዳል። እዚያ ሌላ ታንኳ አለ። መለስክ፣ እሱ ይቀመጣል። አይሄድም። ቀን ሙሉ ይቀመጣል።»

«ከመለስኩ በኋላ ባልሄድስ?» አለ ይመር እየሳቀ።

ኻሊፋ አልሳቀም። «እሱ ሐራም ነው» አለና ዓሣውን ገለበጠው።

ያቺ እሁድ የበጋው መጨረሻ ናት። ማንጎው በስሎ ይወድቃል፤ ሰው የሚያቃጥለው ሣር ጢስ ሰማዩን አልብሶታል፣ ጥቁር አመድ እንደ ቢራቢሮ እየተንሳፈፈ ውኃው ላይ ያርፋል። ኻሊፋ ለለቅሶ መንጌ ሄዷል። ታንኳው ዳር ላይ ተገልብጣለች፤ ያለ እሱ የሚቀዝፋት አልነበረም። ኤሪክ ደግሞ በዚያ ባሳጠረው ገመድ ጀሪካኖቹን ሁሉ አልፎ አያውቅም፤ የካምፑ ሰው ዛሬ ይሆንለታል እያለ ዳር ላይ ተሰልፏል።

ያየሁት እኔ ነኝ። ኤሪክ ወደ ቀኝ ሲጋደም፣ ከትከሻው በላይ፣ ከማዶው ዋርካ ሥር፣ ነጭ ነገር ሲውለበለብ ታየኝ።

«ይመር! ማዶ ሰው አለ!»

«የት?»

«ዋርካው ሥር! በነጠላ ይጠራሉ፣ ብዙ ናቸው!»

ዞር ብሎ አየ። ኻሊፋ እንዳስተማረው ቆቡን አውልቆ ከፍ አድርጎ አወዛወዘ። መልስ ሰጠ። ነጠላው ወዲያው ወረደ፤ ሰዎቹ ሣሩ ውስጥ ሲቀመጡ በዓይኔ አየሁ።

«እንሂዳ!» አልኩት።

«ይህቺን ዙር ይጨርስ። ሁለት ጀሪካን ነው የቀረው፣ አንቺ ደግሞ!»

አልተቆጣም፤ እየሳቀ ነበር። እኔም ትንሽ ነገር ነው ብዬ ዓይኔን ወደ ኤሪክ መለስኩ። አንደኛዋን አለፈ። ዳር ያለው ሰው እልል አለ። የመጨረሻዋ ላይ ሲታጠፍ የስኪው ጫፍ ውኃው ውስጥ ተቀረቀረ። ኤሪክ ወደ ፊት ተወረወረ፣ ጣውላው በላዩ ተገለባበጠ፣ ከዚያ ባዶው የገመድ እጀታ ብቻ ውኃው ላይ እየዘለለ ተከተለን። ሲወድቅ ሁልጊዜ እጁን አንሥቶ ደህና ነኝ ይል ነበር። አላነሣም።

ስንደርስ የመንሳፈፊያ ጃኬቱ ይዞት በጀርባው ተንጋሏል። የኋላ እግሩ ወጥቷል፤ የፊተኛው በጎማው ጫማ ውስጥ ቀርቶ፣ የሰው እግር ወደማይዞርበት አቅጣጫ ዞሯል። ከነጣውላው ጎትተን አወጣነው። ጫማውን ብነካው የጮኸው ጩኸት ከአንጀቱ ነው። ደሙ ጀልባዋ ወለል ላይ ከውኃው ጋር ተቀላቀለ። ዳር እንደደረስን አቶ ደሳለኝ ከነጫማው ዘሎ ገባ።

«ወደ ታች! መኪናው መንገዱ ዳር ነው፣ ቶሎ!»

«አቶ ደሳለኝ፣ ማዶ ሰዎች አሉ» አለ ይመር። «መልሼላቸዋለሁ።»

«ምን ነካህ አንተ! ኸዋጃው በእጃችን ቢሞት የሚጠየቀው ማን ይመስልሃል? ሰፋሪው ገደለው ነው የሚሉት! ንዳ!»

ይመር ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት እጁን አፉ ላይ አድርጎ ወደ ማዶ ጮኸ፦ «እመለሳለሁ! እዚያው ጠብቁኝ!» ከማዶም አንድ ድምፅ መለሰ። የሴት ይሁን የወንድ፣ ምን እንዳለም አልለየሁም። እሺ የሚል ዜማ ነበረው። ከዚያ ሞተሩ ተነሣና ዋጠው።

ኤሪክን መኪናው ላይ አስተኝተን ወደ አሶሳ ላክነው። ጀልባዋን ስናዞር ቤንዚኑ አልቋል፤ ጨዋታው ነበር የጨረሰው። ይመር ሽመል ቆረጠ፤ እኔም ሌላ ያዝኩና ዳር ዳሩን እየገፋን ሽቅብ ወጥተን ተሻገርን። ዳቡስ በበጋ እንኳ ለሚገፋው ቀላል አይደለም። መዳፌ ተላጠ። ዋርካው ጋ ስንደርስ ፀሐይ በጢሱ ውስጥ ቀይ ሆና ልትጠልቅ ነበር።

ማንም የለም። ሣሩ ሰው ተቀምጦበት ተኝቷል። የውኃ ቅል ተደግፎ ቆሟል። ከሽመል የተሠራ ቃሬዛ በለምለም ቅጠል ተነጥፎ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ባዶውን። አጠገቡ ቆሜ አየሁት። ቁመቱ ከወገቤ አያልፍም። ለልጅ የተሠራ ነበር።

ይመር ጮኸ። ወደ ጫካው እየገባ ጮኸ። የመለሰለት የገደል ማሚቶ ብቻ ነው።

በማግሥቱና ከዚያም በኋላ ማዶ ያሉትን መንደሮች ዞሮ ጠየቀ። የእኛ ነው ያለ አልተገኘም። አንዳንዱ ውኃ ሰጥቶ ሸኘው፣ አንዳንዱ ወደ ሥራው ተመለሰ። አቶ ደሳለኝ ሊያጽናናው ሞከረ፤ ክፉ ሰው አልነበረም። «ቃሬዛው ባዶ ከሆነ ልጁ ተሽሎት በእግሩ ሄዷል ማለት ነው፤ እንደዚያ አታስበውም?» ይለዋል። ኻሊፋ ከመንጌ ሲመለስ ግን የጠየቀው አንድ ነገር ነው።

«መለስክ?»

«መለስኩ፣ አባባ። ሁለት ጊዜ።»

ሽማግሌው በተገለበጠችው ታንኳ ላይ ቁጭ አለ። «ላይኛው መሻገሪያ ታንኳ ነበር» አለ። 

ኤሪክ ወደ አገሩ ተወሰደ። እግሩ እንደተጋጠመለት፣ ትንሽ እንደሚያነክስ ኋላ ሰማን። ማዶ ሰው እንደነበር የነገረው ያለ አይመስለኝም፤ ቢያውቅ ምን ይል እንደነበር አስባለሁ። ጀልባዋም ቆይታ ተበላሸች፤ የሚያስነሣትም አልተገኘም።

ዛሬ አሶሳ መብራት ሲጠፋ ሱቆቹ ሁሉ ጄኔሬተር ያስነሣሉ። መብራቱ መጥቶ ያ ጩኸት በአንድ ጊዜ ሲቆም፣ በዚያች ጸጥታ ውስጥ፣ ያ ከማዶ የመጣ ድምፅ ይሰማኛል። ሽንኩርት እየከተፍኩ ከሆነ እጄ ይቆማል። እሺ የሚለው ዜማው አለ፤ ቃሉ የለም። ልጄ «ምን ሆንሽ?» ትለኛለች። «ምንም» እላታለሁ። ዝም ብንላቸው ኖሮ ረስተውን፣ ረግመውን፣ መንገዳቸውን ይሄዱ ነበር። እዚያ ያስቀመጣቸው የወንድሜ ደግነት ነው፤ ይህን ስንት ዓመት አገላብጬ አየሁት፣ ከዚህ ሌላ መልክ አላገኘሁለትም።

ይመር የጀልባዋን ቁልፍ ለአቶ ደሳለኝ አስረከበ። እናቴ «ልጄ፣ ያገኘኸውን እንጀራ በእግርህ ትገፋዋለህ?» ብላ አለቀሰች። እጇን ሳመና ወጣ። ክረምቱን ከኻሊፋ ጋር ታንኳ መቅዘፍ ተማረ። መስከረም ጠብቶ ወንዙ ሲጎድል ሽመል ቆርጦ ተሻገረና ማዶ፣ ዋርካው አጠገብ፣ ጎጆ ሠራ። እዚያው አገባ፣ እዚያው ወለደ። ከዚያ ወዲህ በዚያ በኩል በሽተኛ ይዞ የመጣ ሰው መጣራት ቀረለት፤ በሩን ያንኳኳል፣ ይመርም ተነሥቶ ያሻግረዋል።