ቁስሉ የማይታይ ወታደር

ልጅ ሳለሁ ተረት የሚነግረን የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ አያ ደሳለኝ ነበር። ከሠራዊቱ ተሰናብቶ ሰቆጣ እኛ ቤት ሲገባ ሚስትም ልጅም አልነበረውም። ያኔ መብራት ከሚኖርበት ምሽት የሚጠፋበት ይበዛ ስለነበር ኩራዝ ለኩሰን፣ የኩበቱ ጭስ ዓይናችንን እያስለቀሰን እንከበዋለን፤ እሱም በአማርኛ የጀመረውን ተረት ሳይታወቀው በአገዎቹ ቋንቋ በኽምጣና ይጨርሰዋል።

ጎረቤት ግን ሰነፍ ይለው ነበር። ቁመናው ያማረ፣ አካሉ ያልጎደለ ሰው ነው፤ ሆኖም አንድ ጀሪካን ውኃ ካነሳ ግድግዳ ይደገፋል፤ ፊቱ እንደ ሰም ነጥቷል፤ ድዱም ይደማል። «ለተረት ሲሆን አይደክመው!» ትል ነበር አንዲት ጎረቤታችን፣ እሱው እየሰማ።

በውትድርናው ዘመን ሥራው መስኮት በሌለው መጋዘን ውስጥ የሞተር ዕቃ በኬሚካል ማጠብ ነበር፤ ለዓመታት፣ በባዶ እጁ። የሆስፒታሉ ሐኪም መቅኒው ደም መሥራት እያቃተው መሆኑንና ሰበቡም ያ ኬሚካል ሳይሆን እንደማይቀር ሲነግረው፣ የጉዳት ጡረታ ሊጠይቅ ከአባቴ ጋር የጡረታ ቦርድ ፊት ቀረበ።

የተመለሱ ዕለት አባቴ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ለእናቴ ነገራት።

«የት ላይ ቆሰልክ አሉት። ደሜ ነው የታመመው ቢላቸው፣ ጠባሳ የለህም ብለው መለሱት።»

እኛ ልጆቹ ነገሩ አልገባንምና እንደወትሮው ተረት ጠየቅነው። አያ ደሳለኝ ፍሙን በእንጨት ሲቆሰቁስ ቆይቶ ጀመረ። አንበሳ በአገልግሎቱ የተጎዳውን ሁሉ ልካስ ብሎ ተነሣ አለን። በሬ የተሰበረ ቀንዱን አሳየ፤ ተካሰ። አህያ ገጣባዋን አሳየች፤ ተካሰች። ዋርካው ግን «ምስጥ ውስጤን ጨረሰው» ቢል፣ አንበሳው ቅርፊቱን ዳሰስ አድርጎ «ደህና ነህ» አለው።

«ከዚያስ፣ አያ?» አልኩት።

«ከዚያማ፣ ልጄ፣ ደህና ነው ተብሏልና እንስሳቱ ሁሉ ጥላው ሥር ተኝተው አደሩ።»



አያ ደሳለኝ ይግባኝ ሲጠይቅ አብሮት በመጋዘኑ የሠራ ወልዴ የሚባል ጓደኛው ሊመሰክርለት ከደሃና ወረዳ በእግሩ መጣ። እሱም ፊቱ ነጥቷል። እናቴ ምሳ አቅርባለት «አንተስ በሐኪም ታይተሃል ወይ?» ስትለው፣ «መጀመሪያ የደሳለኝ ይለቅ» አላት። አብረዋቸው ሲያጥቡ የነበሩ ባልደረቦቻቸው በዚሁ በሽታ መሞታቸውን ለቦርዱ አንድ በአንድ፣ በየስማቸው ተናገረ።

ጡረታው ተፈቀደለት። አባቴ ወሬውን ይዞ ሲደርስ አያ ደሳለኝ ሆስፒታል ተኝቶ ደም ይሰጠው ነበር።  «እንግዲህ ታማሚ ነኝ፤ ሰነፍ ያለኝ ሁሉ ይስማ» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።  ከዚያ አልጋ አልተነሣም።

አሁን ከተረቶቹ ብዙዎቹ ጠፍተውብኛል። አልጠፋ ያለኝ አወራሩ ነው፤ ተረቱ ጥሩ ቦታ ሲደርስ ድንገት ዝም ይልና ግድግዳውን ተደግፎ ዓይኑን ይጨፍናል፤ እኛም እስኪቀጥል አፍ አፉን እያየን እንጠብቃለን። ያኔ ሊያስጓጓን የሚያደርገው ይመስለን ነበር።