የሐሊማ ልጅ በማን አገር ሕግ ትዳኝ?

መካነ ሰላም ፍርድ ቤት ችሎት ጸሐፊ ሆኜ በገባሁ ቀን ዳኛው ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና፣ «የተባለውን ብቻ ጻፍ፤ ጨምረህ እንደምታወራ ነግረውኛል» አሉኝ። ዝናብ ሲወርድ የችሎቱ ቆርቆሮ ከጠበቃ ይበልጥ ይጮህ ነበር። ያ ድምፅ ዛሬም ይናፍቀኛል።

የድርቁ ዘመን ነበር። ከከላላ በኩል የተሰደደው ሁሉ ከተማውን ሞልቶታል። ወሎዬ ግን እህል ቢያጣ ክርክር አያጣም።

አንድ ቀን ሐሊማ የምትባል የአገራችን ሴት ተከሳ ቀረበች። ባለሱቅ የነበረው የመናዊ ባሏ አንዲት ትንሽ ሴት ልጅ ትቶላት ሞቷል። ቀድሞ ደሴ ነግዶ አማርኛ የለመደው የሟች ወንድም ከየመን መጥቶ፣ «በአገራችን ደንብ አባት ሲሞት ልጅ የአጎት ናት፤ ይዣት ልሂድ» አለ።

«ያለችኝ እሷው ናት፤ ባሕር ሊያሻግሩብኝ ነው ጌታዬ?» አለች ሐሊማ።

የዚያን ጊዜ ልማዳችን የውጭ ሰው በአገሩ ሕግ ይዳኝ የሚል ነበር። ለእንዲህ ያለው ጉዳይ የተጻፈ ሕግ አልነበረንም፤ ሊወጣ ነው፣ ሊወጣ ነው ሲባል እኔ ሸበትኩ። ስለዚህ የየመንን ሕግ እንዲያስረዳ አንድ የመናዊ ልብስ ሰፊ ከደሴ ተጠራ።

«የአገርህ ሕግ ስለ ልጅ ምን ይላል?» አሉት ዳኛው።

«ወላሂ ጌታዬ፣ ከአገሬ ስወጣ የወተት ጥርሴ አልወለቀም። ስለ ሱሪ ከሆነ ይጠይቁኝ!»

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። ሐሊማ ብቻ አልሳቀችም። ሌላ ምስክር እስኪገኝ ተብሎ ቀጠሮ ተሰጠ።

ከቀጠሮው አብዮቱ ቀደመ። «ጌታዬ» ቀርቶ «ጓድ» መጣ፤ ዳኛውም በወጣት ተተኩ። አጎትየው ፓስፖርቱን ከፍ አድርጎ፣ «የአባቷ አገር ዜጋ ናት፣ ጓድ ዳኛ» አለ።

«በክፉው ቀን የእርዳታ ስንዴ የተሰፈረላት የት ነው?» አለው ወጣቱ ዳኛ።

«እዚሁ።»

«ማን ጋር ሆና በላች?»

«እናቷ ጋር።»

«እስቲ በቋንቋህ አናግራት።»

አጎትየው ተንበርክኮ በአረብኛ አናገራት። ልጅቷ የእናቷን ቀሚስ ይዛ፣ «እማ፣ ምን እያለኝ ነው?» አለች።

ዳኛው በምትኖርበት አገር ሕግ ትዳኝ ብሎ ከእናቷ ጋር እንድትቆይ ፈረደ። አጎትየው ግንባሯን ስሞ፣ «ዓይኗ የወንድሜ ዓይን ነው» እያለ አለቀሰ። ሐሊማ፣ «አብሽር፣ መጥተህ ታያታለህ» አለችው።

ከዓመታት በኋላ አዲስ አበባ ለሥልጠና ስሄድ መምህሩ፣ በውጭውም ዓለም የልጅ ጉዳይ ከዜግነት ይልቅ በመኖሪያ ወደ መዳኘት ዞሯል አለን። «ከመካነ ሰላም ቀድተው ነው!» ብዬ ጮህኩ።

እናንተም ወጣት ዳኞች፣ የውጭ ሰው ልጅ ጉዳይ ሲቀርብላችሁ፣ ፓስፖርቱን ከማየታችሁ በፊት ልጁ የሚኖርበትን ቦታ ጠይቁ።