አንድም ቀን ያልተበላሸ ክዳን

ሁለቱ የፈሳሽ ሳሙና ፋብሪካዎች ተዋሃዱ ተባለ። ወሬው ሲያምር! ትልቁ ትንሹን ዋጠው፣ በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው። ከትንሹ ፋብሪካ ግዢ ክፍል የተረፈችው አንዲት ሴት ብቻ ናት። ሰው ሁሉ «ዕድለኛ ነሽ» ይላታል፤ እሷም «ተመስገን» ትላለች። እውነቱን ለመናገር ግን ደስታም ሆነ ሐዘን ከተሰማት ሰንብቷል። የሥራ ጓደኞቿ ዕቃቸውን በፌስታል ሸክፈው ሲወጡ አንድ በአንድ አቅፋ ሸኘቻቸውና ወንበሯ ላይ ተመልሳ ግድግዳው ላይ አፈጠጠች። ቤት ስትገባ እናቷ «ምነው ልጄ፣ አካልሽ እዚህ ነው፤ አንቺ የት ነሽ?» ትላታለች። መልሷ ሁልጊዜ «ደክሞኝ ነው» ነው። የእናቷ መድኃኒትም የልጇ ትምህርት ቤት ክፍያም የሚጠበቀው ከእሷ እጅ ነው።

አዲሶቹ አለቆች መጀመሪያ የሰጧት ሥራ የድሮዎቹን አቅራቢዎች በሙሉ እንደ አዲስ ማስመዘን ነበር። ዕድሜ ልኩን ያቀረበም ትናንት የመጣም እኩል ይፈተናል። ፈታኙ ከትልቁ ፋብሪካ ጥራት ክፍል የመጣ ወጣት ነው፤ ሠራተኛው «ባለመነጽሩ» ይለዋል። አይቆጣም፣ አይስቅም፣ ውሃ እንኳ ቢጋብዙት አመስግኖ ይመልሳል። እንዲህ ያለ ጨዋ ሰው ደግሞ ከተቆጪው ይልቅ ያስፈራል።

ተራው የጋሼ ክዳን ሆነ። ጋሼ ክዳን የሳሙናውን ጠርሙስ ክዳን የሚያመርቱ ሽማግሌ ናቸው፤ እውነተኛ ስማቸውን የሚያስታውስ ካለ ምናልባት ሚስታቸው ናት። በቆርቆሮ ጣራ ሥር ሁለት ማሽንና ጥቂት ሠራተኞች አሏቸው። የሚሠሩት ለዚህ ፋብሪካ ብቻ ነው። ሌላ ደንበኛ ለምን አይፈልጉም ሲባሉ «እኔ በሁለት ቤት መግባት አይሆንልኝም» ብለው ያስቃሉ። ይህ ፋብሪካ ፊቱን ካዞረባቸው በራቸው ይዘጋል፤ ይህን ደግሞ እሷ አሳምራ ታውቃለች።

አሁን የሁለቱን ምስጢር ልንገራችሁ። ከውህደቱ በፊት አንድ ጊዜ ክዳኖቹ ጠርሙሱ ላይ ሲጠብቁ እየተሰነጠቁ ሳሙናው መጋዘን ውስጥ መንጠባጠብ ጀመረ። በደንቡ ከሆነ ለአለቃዋ ማሳወቅ ነበረባት። እሷ ግን ለጋሼ ደወለች። ቅዳሜ ከሰዓት ከሴት ልጃቸው ጋር ከች አሉ። ሦስቱም እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ መጋዘኑ ወለል ላይ ቁጭ ብለው፣ የተሰነጠቀውን ሲነቅሉ ደህናውን ሲገጥሙ እሁድም በዚያው አለቀ። ከዚያ ሽማግሌው ማሽናቸውን ብትንትኑን አወጡት፤ ለካ ትኩሱን ክዳን የሚያቀዘቅዘው የውሃ ቱቦ ተደፍኖ ኖሯል። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ የመጀመሪያዎቹን ክዳኖች በገዛ እጃቸው አጥብቀው ሳይፈትኑ ሥራ አያስጀምሩም። ሰኞ አለቃዋ ሲገባ መጋዘኑ ደርቆ፣ ሁሉም ነገር እንደ ወትሮው ነበር። «በኔና ባንቺ መሃል ትቅር» አሏት ጋሼ፤ ቀረች። በዚያ ፋብሪካ ሥራ የሚሠራው እንዲህ ነበር፤ በስልክና በመተማመን። ጥፋትን ጽፎ ማስቀመጥ ሰውን መክሰስ ይመስላቸው ነበር።

የምዘናው ዕለት ጠዋት መኪና ውስጥ፣ ባለመነጽሩ የአቅራቢ ጥሩና መጥፎው በምን እንደሚለይ አጫወታት። አጥፍቼ አላውቅም የሚለውን አልወስድም አላት። ፋብሪካ ሆኖ የማያጠፋ የለም፤ እንዲህ የሚል ሰው ወይ ጥፋቱን አያይም፣ ወይ ይደብቃል። እሱ የሚፈልገው አጥፍቶ ምን እንዳደረገ የሚናገረውን ነው። እሷ ራሷን ነቀነቀች እንጂ ቃሉ ጆሮዋ ላይ ነው የቀረው። ለሽማግሌው ልደውል እንኳ አላለችም።

ጋሼ ክዳን ግቢውን አስጠርገው፣ ኮታቸውን ለብሰው በር ላይ ጠበቋቸው። ባለመነጽሩ ማሽኑን ዞሮ አየ፣ ጥሬ ዕቃውን ዳሰሰ፣ ክዳን አንስቶ አጠበቀ፣ ፈታ፣ ደግሞ አጠበቀ። ወደደው፤ ከፊቱ ያስታውቃል። ከዚያ ጠባቧ ቢሮ ገብተው ተቀመጡና የመጨረሻዋን ጥያቄ ጠየቀ።

«ለመጨረሻ ጊዜ የተበላሸ ክዳን የላኩት መቼ ነው? ያኔስ ምን አደረጉ?»

ሽማግሌው ቀና ብለው እሷን አዩ። ዓይናቸው አይዞሽ የሚል ነበር።

«ከእኔ ዘንድ አንድም ቀን ተበላሽቶ አያውቅም» አሉ። «ይኸው፣ እሷ ምስክሬ ናት።»

ባለመነጽሩ ወደ እሷ ዞረ። ያኔ ነው የጠዋቱ ቃል የገባት። ያንን ቅዳሜና እሁድ ብትተርክለት ጋሼ ያልፋሉ፤ የተደፈነው ቱቦ፣ የየጠዋቱ ፍተሻ፣ እሱ የሚፈልገው እኮ ይኸው ነበር። ግን ከአለቃ ደብቃ ኖራለችና አብራ እሷም ትጋለጣለች። ፍርሃቱ ይመጣል ብላ ጠበቀች። ምንም አልመጣም።

«አዎ፣ አያውቅም» አለች። የቤት ስልክ ቁጥሯን የምትናገር ነበር የምትመስለው።

ጋሼ ክዳን ምዘናውን ወደቁ። በኢሜይል ይነገራቸው ተብሎ ነበር፤ እሷ ግን፣ ለምን እንደሆነ ራሷም ሳታውቀው፣ በምሳ ሰዓት በአካል ሄደች። ሽማግሌው ማሽን ሥር ተንበርክከው አገኘቻቸው። ነገረቻቸው። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ተነሡና ምን አጉድለን ነው አሏት። ማሽኑ አርጅቷል አሉ፣ ብላ ዋሸች። ጋሼ ዞር ብለው ማሽናቸውን አዩት።

«እውነታቸውን ነው» አሉ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። «አንቺን ግን አልነኩሽም?»

«አልነኩኝም፣ ጋሼ።»

«እሰይ! እኔ የፈራሁት ላንቺ ነበር። ያቺን ነገር ባወጣት ኖሮ ያባርሩሽ ነበር፤ ልጅሽን ይዘሽ የት ትገቢ ነበር?» ትከሻዋን ቸብ ቸብ አደረጓት። «እንኳን ዝም አልን፣ ልጄ።»

«እንኳን ዝም አልን» አለች።

በር ድረስ ሸኟት። ባለቅስ ይሻለኝ ነበር ብላ አሰበች፤ ቆማ ጠበቀችው፣ እንባው ግን አልመጣም። የምሳ ሰዓት እያለቀ ስለነበር ወደ ሥራዋ ተመለሰች።